ያልተገዙት አሥራ ሁለት መርከቦች

ጀማነህ ፓምፕ ሲታመም በጆሮው ያውቃል። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ያዳምጣል፤ ከዚያ «ኋለኛው ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈታ ኋለኛው ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል።

ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መኮንን፣ የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ነበር። በየመን በኩል ከሚስቱ ከሸዋረጋ ጋር ወጥቶ፣ ሆዴይዳ ላይ ሴት ልጅ ወልደው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰርነት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ገቡ። ባሕር ለማየት ቀኑን ሙሉ መንዳት የሚያስፈልግበት ከተማ ነው። ይሁንና በከተማው ዳር ለመርከብ የሚሆን ፓምፕ የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ ነበር፤ ጀማነህ እዚያ ፈታሽ ሆኖ ተቀጠረ። አምስት ዓመት ሠራ። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 1987 ሰኔ ላይ ከካናዳ እንግዳ መጣ። ማክፊ ይባላል። ከካናዳ ባሕር ኃይል በኮማንደርነት ጡረታ ወጥቶ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ መርከብ ለሚጠግን ድርጅት የሚሠራ፣ ረጅም፣ ቅንድቡ ሁሉ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ለአዲሶቹ የካናዳ የጦር መርከቦች የታዘዙት ፓምፖች ከመጫናቸው በፊት ሲሞከሩ ለማየት ነበር አመጣጡ። የክፍሉ ኃላፊ ማሽኑን አስነሥቶ፣ የግፊት መለኪያዎቹን መርፌዎች በጣቱ እያሳየ «ሁሉም ልክ ነው» ሲል፣ ጀማነህ ከኋላ ሆኖ «አይደለም» አለ።

ኃላፊው ዞሮ አፈጠጠበት። «መርፌው ልክ ነው እያለ?»

«መርፌው ገና አልሰማም።»

ማክፊ ሳቀና «እንፍታው» አለ። ተፈታ። ኩሽኔታው ላይ በጥፍር ካልዳሰሱት የማይታይ ጭረት ተገኘ።

በምሳ ሰዓት ሽማግሌው ሳንድዊቹን ይዞ ጀማነህ አጠገብ ተቀመጠ። የት እንደተማረ ጠየቀው፤ ነገረው። ማክፊ ራሱን ነቀነቀና ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ናፕኪን ላይ የአገሩን ካርታ ይስል ጀመር።

«እኛ ሦስት ውቅያኖስ አለን። ለሦስቱም ያሉን ሰርጓጅ መርከቦች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በረዶ ሥር ገብተው መቆየት አይችሉም። በሰሜን በኩል በበረዶአችን ሥር የማን መርከብ እንደሚያልፍ የምናውቀው ወዳጆቻችን ሲነግሩን ነው። ወዳጅ ደግሞ ሁሉን አይነግርም። ከሁለት ዓመት በፊት የአሜሪካኖች በረዶ ሰባሪ መርከብ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ በመሃላችን አልፎ ሄደ።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ተናደድን» አለ ማክፊ። «እኛ ስንናደድ ወረቀት እንጽፋለን። ግን ይህ ወረቀት ደህና ወረቀት ነው። መንግሥት በዚህ ወር ነው ያወጣው። እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ በኒውክሌር የሚሄዱ ሰርጓጅ መርከቦች እንገዛለን ይላል። ካቢኔው ከፈረመ የእኔ ድርጅት የባሕር ዳር ወርክሾፕ ይከፍታል። ፓምፕ በጆሮ የሚያውቅ፣ ወጣቶችን የሚያስተምር ሰው እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?»

ጀማነህ ያን ቀን ሳንድዊቹን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቤት ሲደርስ ሸዋረጋ ገና ዩኒፎርሟን አላወለቀችም ነበር። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ታስታምማለች። እሷም የራሷ ወሬ ነበራት፤ ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት አይታለች። ሦስት መኝታ፣ ግማሽ ጡብ፣ ከኋላው ግቢ ያለው፣ ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ። ኤጀንቱ ቅዳሜ ኑና እዩ ብሏል።

«ቅዳሜ አይሆንም» አለ ጀማነህ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እየተመላለሰ የሰማውን ሁሉ ነገራት፤ ስለ ሦስቱ ውቅያኖስ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ወረቀቱ።

ሸዋረጋ ጫማዋን እየፈታች አዳመጠችው። «መቼ ነው የሚፈርሙት?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ ማለት ስንት ወር ነው?»

«የአገር መከላከያ እኮ ነው፣ ሸዋዬ! ወረቀቱ ወጥቷል። መንግሥት አንዴ ከተናገረ …» አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። መንግሥት አንዴ ከተናገረ ምን እንደሚሆን እሱም እሷም ያውቃሉ።

ያን ቤት ሌላ ሰው ገዛው።

ከዚያ በኋላ ነው ጀማነህ እረፍት ያጣው። ማለዳ ወደ ፋብሪካው ከሺፍቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሄድና ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ከድንበሩ ማዶ ከዊንዘር የሚተላለፈው የካናዳ ራዲዮ በመኪናው ሬዲዮ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ይሰማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ድምፁ እየሳሳ፣ እየተንቋቋ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ ዜናውን ከፀሐይ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው የሚሰማው። አንዳንድ ቀን «የመከላከያ ሚኒስትሩ ትናንት በፓርላማ …» ይልና ቀሪው በሬዲዮው ጫጫታ ይዋጣል። ያኔ መሪውን በመዳፉ ይመታል። ቀኑን ሙሉ ሚኒስትሩ ምን እንዳለ እያሰበ ይውላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሳምንት ያለፋቸውን የቶሮንቶ ጋዜጦች ያነባል። የገንዘብ ሚኒስቴሩ እያጉረመረመ ነው። አሜሪካኖቹ የካናዳ ሰርጓጅ መርከብ በረዶ ሥር መግባቱ ብዙም አልጣማቸውም። ተቃዋሚዎቹ ይሄ ሁሉ ለምን ይላሉ። ሕዝቡ በሁለት ጎራ ተከፍሏል። ሁሉም ይናገራል፤ የሚፈርም የለም።

እሑድ እሑድ ኢትዮጵያውያኑ በተዋሱት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ሲሰበሰቡ ጋሼ ገብረየስ ቀልድ አገኙበት። ጋሼ ገብረየስ በሞርስ ጎዳና ላይ ትንሽ ግሮሰሪ ያላቸው፣ አንደበታቸው የማይያዝ ሰው ናቸው።

«ክቡር የካናዳ መከላከያ ሚኒስትር፣» ይሉታል፣ «ዛሬስ የሰሜን ዋልታ እንዴት አደረ?»

ሰው ይስቃል። ጀማነህም ይስቃል። ግን ከሳቁ በኋላ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ እንደያዘ ሸዋረጋ ታያለች።

ልጃቸው ሉሉ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የሰሜን ዋልታ ካርታ እያየች በእንግሊዝኛ «ዳድ፣ እኛ ካናዳውያን ነን እንዴ?» አለችው።

«አይደለንም።»

«ታዲያ ለምን ትጨነቃለህ?»

መልስ ነበረው፣ ግን ለስምንት ዓመት ልጅ የሚነገር አልነበረም።

በ1988 መጋቢት ላይ ማክፊ ቲኬት ላከለት፤ ለሦስት ቀን መጥቶ ወርክሾፑ የሚሠራበትን ቦታ እንዲያይ። ጀማነህ የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን ይዞ ሃሊፋክስ ወረደ። ወደቡ ዳር ከማክፊ መኪና ሲወርድ የጨው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የመኪናውን በር ይዞ ትንሽ ቆመ።

ወርክሾፑ የሚሠራበት ቦታ በሽቦ የታጠረ ባዶ መሬት ነበር፤ ጭቃና የተከመረ አሮጌ ብረት። «ይኸው ነው» አለ ማክፊ አፍሮ። «ካልፈረሙ አንድ አካፋ አፈር አይነሣም። ከአራት ዓመት ወዲህ ሦስተኛው የመከላከያ ሚኒስትራችን ነው። አንዱ ጉዳዩን ሲያውቅ ይሄድና ለአዲሱ እንደገና ከሀ ሁ እንጀምራለን። ና፣ መርከብ ላሳይህ።»

ወደቡ ላይ የቆመች ሠላሳ ዓመት ያለፋት የጦር መርከብ አሳየው። ከውጭ ስትታይ ቀለሟ ያምራል። ውስጧ ግን በየቧንቧው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ዝገቱ ተፍቆ ተቀብቶ እንደገና ዝጓል። የሞተሩ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት መርከበኛ ወለል ላይ ተቀምጦ ከጎማ ቅጠል ላይ በመቀስ ጓርኒሲዮን፣ የፓምፑን መጋጠሚያ የሚደፍን ቀለበት፣ ይቆርጣል። አጠገቡ የእሳት ማጥፊያው ፓምፕ ተፈትቶ ተዘርግቷል።

ጀማነህ ያንን ፓምፕ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«መለዋወጫ የለም?» አለ።

«ጠይቀናል፣ ሰር» አለ ወጣቱ። «ወረቀቱ ኦታዋ ነው።»

ጀማነህ ኮቱን አውልቆ ቧንቧ ላይ ሰቀለና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ከልጁ ጋር ሁለት ሰዓት ሠሩ። ማክፊ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። ሲጨርሱ ጀማነህ እጁን እየጠረገ፣ ሳይጠየቅ፣ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ለሽማግሌው ተናገረ።

«ምጽዋ ላይ ስንከበብ የእኔ መርከብ የእሳት ፓምፕ እንደዚህ ተበላሽቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። አዛዡ ተሻረ፤ የተተካው ታሰረ፤ ሦስተኛው ሊፈርም ፈራ። መለዋወጫው ግን እዚያው ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ ነበር። በዓይኔ አየዋለሁ። በሩ ታሽጓል። ማኅተሙን ለመስበር ትእዛዝ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ፍሥሐ ‹ስበረውና እናምጣው፣ በኋላ ይጠይቁን› አለኝ። እኔ ‹ነገ ይፈርማሉ› አልኩት። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የመድፍ ጥይት መርከባችን ላይ ወድቆ እሳት አስነሣ። ፓምፑ ውኃ አልሰጠም። ፍሥሐ ከታች ነበር።»

ማክፊ ከመሰላሉ ወረደ። ከዚያ «ጥፋቱ የመሪዎቹ ነው» አለው።

«የመሪዎቹ ነው» አለ ጀማነህ። «በሩ ግን ከፊቴ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ማክፊ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ወሰደው። የአካባቢው የፓርላማ አባል ለመርከብ ሠራተኞች ንግግር ሊያደርግ ነበር። ቀይ ከረባት ያሰረ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ስለ ሉዓላዊነት ተናገረ፤ ስለ አያቶቻቸው ጀግንነት ተናገረ፤ ስለ ሦስቱ ውቅያኖስ ተናገረ። ተጨበጨበ። ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ ረድፍ አንድ ጥቁር ሰው እጁን አነሣ። ማክፊ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አለ ጀማነህ ቆሞ። «የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። መርከቦቹ እንደሚያስፈልጉ እርስዎም ያውቃሉ፣ እነዚህም ያውቃሉ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሚፈረመው በየትኛው ቀን ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። የፓርላማው አባል ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መንግሥታችን ጉዳዩን በከፍተኛ ትኩረት እየተመለከተው ነው።»

«እየተመለከታችሁት እያለ ከታች ያለው ልጅ ጎማ በመቀስ ይቆርጣል» አለ ጀማነህ።

አንድ ግዙፍ በያጅ ጮክ ብሎ ሳቀና ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የፓርላማው አባል ሰዓቱን አየና ቀጣዩን ጠያቂ ጠራ።

ጀማነህ ወደ ኮሎምበስ ሲመለስ ተስፋው መቀነስ ሲገባው ጨመረ። በያጆቹ እንደዚያ ካጨበጨቡ መንግሥት ይሰማል ብሎ አሰበ። ኅዳር ላይ የካናዳ ምርጫ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ መኪና ውስጥ የምርጫ ክርክር ሰማ። ሁሉም የሚከራከሩት ከአሜሪካ ጋር ስለሚደረገው የንግድ ስምምነት ነበር። ስለ መርከብ የሚያነሣ አልነበረም። ያው መንግሥት አሸነፈ። ጥር ላይ ደግሞ አዲስ የመከላከያ ሚኒስትር ተሾመ። አራተኛው።

በዚያው ሰሞን ሸዋረጋ ሌላ ቤት አገኘች፤ ያውም እዚያው ፎረስት ፓርክ። በዚህኛው ጊዜ ባሏን አላማከረችም። ብቻዋን ሄዳ አየች፣ ብቻዋን ዋጋ ተነጋገረች፣ ባንኩን ብቻዋን አናገረች። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ በኦሃዮ ሕግ ባልየው ካልፈረመ ባንኩ ብድሩን አይለቅም። ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«እስከ ሐሙስ ሳምንት» አለችው።

ጀማነህ ወረቀቱን ምሳ ዕቃው ውስጥ አስገባው። በማግሥቱም እዚያው ነበር። በሦስተኛውም፣ በአምስተኛውም። ፋብሪካ ይዞት ይሄዳል፣ ይዞት ይመለሳል። ጥጉ ዘይት ነካው። ሸዋረጋ አላስታወሰችውም። ረቡዕ ማታ እራት ላይ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እዚያ አገር ሄደህ ያንን የፓርላማ ሰውዬ በሰው ፊት ‹መቼ ነው የምትፈርሙት› አልከው አይደል? በኩራት ነው የነገርከኝ።»

«አዎ።»

«እኔስ አንተን ማን ፊት ልጠይቅህ?»

ሉሉ ከእናቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እናቷ አየች። ጀማነህ ፊቱ ጋለ። ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ ወረቀቱን ከምሳ ዕቃው አውጥቶ ወጣ። በሞርስ ጎዳና ላይ በረዶው ውስጥ እየተንሸራተተ እስከ ጋሼ ገብረየስ ግሮሰሪ ድረስ በእግሩ ሄደ። ጋሼ ገብረየስ ሳጥን እያወረዱ ነበር። ፊቱን አይተው መቀለድ የጀመሩትን ተዉት።

«ምን ሆንክ?»

«እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለ ጀማነህ።

ወረቀቱን ግሮሰሪው ባንኮኒ ላይ፣ በሽንኩርት ከረጢቶች መሃል ፈረመ። ጋሼ ገብረየስ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ አንብበው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። እሱ ግን ደስ አላለውም ነበር። የፈረመው ስላፈረ ነው። የካቲት ላይ ቤቱ ገቡ፤ ሸዋረጋና ሉሉ ዕቃቸውን በአንድ ቅዳሜ ደረደሩ። የእሱ ሦስት ካርቶኖች ግን በፕላስተር እንደታሸጉ ጋራዥ ውስጥ ቆዩ፤ «ወዲያው ልንነሣ እንችላለን» እያለ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓርብ ማለዳ፣ የዊንዘሩ ራዲዮ ከወትሮው ጥርት ብሎ ተሰማ። የካናዳ መንግሥት በዋዜማው በጀቱን ለፓርላማ አቅርቧል። ዜና አንባቢዋ በዚያ በማይቸኩል ድምፅ ዘረዘረችው፤ የሚዘጉ የጦር ሰፈሮች አሉ፤ የሰርጓጅ መርከቦቹ ዕቅድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ቀጥላ ስለ ግብር ተናገረች።

ጀማነህ ሬዲዮውን አላጠፋውም። ፀሐይ ወጣች፤ ድምፁ ሳሳ፣ ተንቋቋ፣ ጠፋ። የሺፍቱ ደወል ተደወለ። ጓደኞቹ በመስኮቱ በኩል እያዩት አለፉ። አንዱ መስታወቱን ቢያንኳኳም አልዞረም። ሲገባ ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍዶ ነበር። ኃላፊው ምንም አላለውም።

በምሳ ሰዓት ከግድግዳው ስልክ ሃሊፋክስ ደወለ።

«ሰምተሃል» አለ ማክፊ። ድምፁ የደከመ ነበር። «ሁለት ዓመት! እኔ እንኳ ለሠላሳ አምስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ለአንተ ነው የማዝነው።»

«አሁን ምን ይሆናል?»

«አሮጌዎቹ መርከቦች ይሄዳሉ፣ ምን ይሆናል። አዲሶቹ ተሠርተው እስኪያልቁ ዓመታት አሉ። ስማኝ …» ሽማግሌው ትንሽ አመነታ። «ወርክሾፕ የለም፤ ቋሚ ሥራም የለም። ግን ለእነዚህ ልጆች አሮጌውን ፓምፕ እንዴት በሥራ ላይ እንደሚያቆዩት የሚያስተምር ሰው ያስፈልገኛል። ድርጅቴ ለበጋው አሥር ሳምንት ኮንትራት መስጠት ይችላል። ለዚህ የካቢኔ ፊርማ አያስፈልግም። የእኔ ይበቃል፤ ዛሬ ልፈርመው እችላለሁ። ትመጣለህ?»

ጀማነህ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱ ኦታዋ ውስጥ ነበር። አሁን ማንም የሚጠበቅ የለም፤ ጆሮው ውስጥ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። ያኔ ገባው፤ መጠበቁ ራሱ አንድ ዓይነት መደበቂያ ሆኖለት ነበር።

«ዛሬ አመሻሹ ላይ እነግርዎታለሁ» አለ። «ነገ አይደለም። ዛሬ።»

ሸዋረጋን አዲሱ ቤት ጓሮ ውስጥ አገኛት። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት የተወውን የአበባ መደብ ትኮተኩታለች። አጠገቧ ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራት፤ የበጀቱን፣ የማክፊን ጥያቄ። ከዚያ ቀጥሎ ከማክፊ በስተቀር ለማንም ያልተናገረውን የምጽዋውን በር፣ ማኅተሙን፣ «ነገ ይፈርማሉ» ያለውን ነገራት። ፍሥሐን ታውቀው ነበር። ሠርጋቸው ላይ ሊኖር ይገባው የነበረ ሰው ነው።

ሸዋረጋ መኮትኮቷን አቆመች። አፈር የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አሥር ዓመት አብሬህ ተኝቼ» አለች በመጨረሻ። «ሌሊት ተነሥተህ ስትመላለስ አገርህ ናፍቆህ ነው ብዬ ነበር።»

«አይደለም።»

«አሁን ገባኝ።» ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ ግን ድምፅዋ አልተሰበረም። «እኔ ሂድም አትሂድም አልልህም። አንተ የምትፈልገውን ንገረኝ። ያኔ እኔም የምችለውን እነግርሃለሁ።»

«መሄድ እፈልጋለሁ» አለ። «አሥር ሳምንት። መስከረም ላይ እመለሳለሁ። ለዘለዓለም አይደለም፣ ይህን ቤት አንለቅም። ፋብሪካው ፈቃድ ካልሰጠኝ ግን ሥራዬን አጣለሁ።»

«ካጣህ?»

«ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሸዋረጋ ኩትኮታዋን ቀጠለች። «የሌሊት ሺፍት ይሰጡኛል» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ሉሉን የጋሼ ገብረየስ ሚስት ይይዙልኛል። እሺ። ደውልለት። ካሥራ አንደኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ባል የለኝም እላለሁ።»

ፋብሪካው ፈቃድ አልሰጠውም። ኃላፊው ከንፈሩን እየመጠጠ፣ ስሙን እንደ ልማዱ አሳጥሮ «ጂሚ፣ ሰው መተካት አለብኝ» አለው። ጀማነህ መልቀቂያውን ጽፎ ሰጠው።

ሃሊፋክስ ያሳለፈው በጋ ቀላል አልነበረም። ከመርከበኞቹ አንዳንዶቹ አነጋገሩን እያስመሰሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ሻምበል «ይሄ ሰውዬ የማን አገር ሰላይ ነው?» ብሎ ሁለት ቀን ከበር አስቆመው፤ ማክፊ ራሱ ሄዶ ተሟገተ። ግን ልጆቹ ቀስ በቀስ ለመዱት። ካቻቢቴ ጆሮአቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ተማሩ። በስምንተኛው ሳምንት ያ ጓርኒሲዮን ሲቆርጥ የነበረው ወጣት፣ መርፌው ሳይንቀሳቀስ በፊት «ሰር፣ ፊተኛው ነው» አለና ትክክል ሆነ። ጀማነህ ያን ቀን ወደ ወደቡ ጫፍ ብቻውን ሄዶ አለቀሰ። ፍሥሐ አልተነሣም፤ የተመለሰ ነገር የለም። እንዲሁ አለቀሰ።

በአሥረኛው ሳምንት መጨረሻ ተመለሰ። ሥራ ሳያገኝ ሦስት ወር ቆየ። ከባድ ሦስት ወር ነበር፤ ሸዋረጋ ሌሊት እየሠራች ቀን ትተኛለች፣ እሱ ቤት ውስጥ በእግር ጣቱ እየተራመደ ይውላል። ሁለት ጊዜ በጣም ተጣሉ፤ አንዴ ሳህን ተሰበረ። በታኅሣሥ መጀመሪያ የከተማው ውኃ ማጣሪያ የፓምፕ ቴክኒሺያን ፈልጎ ቀጠረው። ደመወዙ ከፋብሪካው ትንሽ ያንሳል። ዛሬም ማለዳ ከመንጋቱ በፊት ይነቃል፤ ያ አልቀረም። ግን አሁን ሲነቃ ሸዋረጋ «ምንድን ነው?» ትለዋለች፣ እሱም ይነግራታል።

ከፈረንጆቹ ገና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከማክፊ ደብዳቤ መጣ። አሮጌዋ መርከብ ሰሜን አትላንቲክ ላይ አንድ ወር ከነፋስ ጋር ታግላ በሰላም ገብታለች። ስለ ሰርጓጅ መርከብ የሚያወራ የለም። ሚኒስትሩ ወደቡን ሊጎበኝ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። የማክፊ ሚስት በጥቅምት ሞታለች። ይህ የመጨረሻው መስመር ነበር፤ ከሥሩ ስሙ ብቻ።

ጀማነህ ደብዳቤውን ለሸዋረጋ ሰጣት። በከንፈሯ እያነበበች ቀስ ብላ ጨረሰችና ወደ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ማንም ወደማይተኛበት ሦስተኛው ክፍል አየች።

«ይሄ ሽማግሌ ብቻውን ነው በዓሉን የሚውለው?» አለች።

«ይመስላል።»

«ደውልና ና በለው። አልጋ አለን።»

ጀማነህ ስልኩን አነሣ። ሉሉ ከሶፋው ላይ ተነሥታ «ዳድ፣ ማነው የሚመጣው?» እያለች ከጎኑ ቆመች፤ እሱም ቁጥሩን እየመታ፣ በአማርኛ፣ ስለ ሰውዬው ይነግራት ጀመር።